ሳይሞት የተለቀሰለት ወንድሜ

ባለፈው ጥር የዘመዴ ልጅ ሠርግ ተጠርቼ፣ ደብረ ብርሃን ውስጥ ወደ ኢንዱስትሪ ፓርኩ መሄጃ ላይ ከተሠሩት አዳዲስ ሆቴሎች ወደ አንዱ በባጃጅ ሄድኩ። ከመስተዋቱ በር በስተቀኝ አንድ ትልቅ ጋን ቆሟል፤ አፉ ላይ የላስቲክ አበባ ተሰክቶበታል፤ ሠርገኛው ከጎኑ እየቆመ ፎቶ ይነሣል። እኔ አበባውን ትቼ የጋኑን አንገት በእጄ ዳበስኩት። ከአንገቱ ሥር፣ በጀርባው በኩል፣ ጭቃው ሳይደርቅ በጥፍር የተጫኑ ሦስት ጭረቶች አሉ፤ ሁለቱ ረጃጅም፣ አንዱ አጭር። ከረባት ያሰረ አስተናጋጅ መጣና «አባት፣ ለጌጥ ነው፤ አይነካም» አለኝ በትሕትና። «ይቅርታ ልጄ፣ የማውቃት ሴት መስላኝ ነው» ስለው ደንግጦ ወንበር አመጣልኝ። በዚህ ዕድሜ ወንበር ለማግኘት ትንሽ የተምታታ ነገር መናገር ይበቃል። ተቀመጥኩ፤ ሙሽሮቹ ሲገቡም ሲወጡም አላየሁም።

ጭረቶቹ የድንቄ ናቸው። ዛሬ እትዬ ድንቄ እላታለሁ፤ ያኔ ግን እትዬ የሚላት አልነበረም፤ ታላቅ እህቴ የምትሆን ሴት ድንቄ ብቻ ነበረች። ጋን በስድስት ብር፣ እንስራ በሁለት ብር፣ የወጥ ድስት በሃምሳ ሳንቲም ትሸጣለች። ሃምሳ ሳንቲም ስል የዛሬ ሰው ይስቃል፤ ያኔ በሃምሳ ሳንቲም ሁለት ሰው ሻይ ከነዳቦው ጠጥቶ ሦስተኛውን ያማ ነበር። ዘመኑ የትኛው ነው ለሚለኝ ቀን አልቆጥርም፤ ሸማ የለበሰ ሰው ካኪ የለበሰውን የሚፈራበት፣ ጎረምሳው እግሩ የሰፋ ቦላሌ ለብሶ የገበያውን አቧራ የሚጠርግበት ዘመን ነበር። ከሻይ ቤቱ በራፍ ላይ የተሰቀለው ድምፅ ማጉያ ቅዳሜ ቅዳሜ ከጠዋት እስከ ማታ ይዘፍናል። ሁሉም የፍቅር ዘፈን ነው፤ ግን ሁሉም ስለ መንገድ ነው፤ ማንም ከፍቅረኛው ጋር እቤቱ የተቀመጠ ዘፋኝ አልሰማሁም። እኔ ባና እነግዳለሁ። ባና ማለት ፋብሪካው ቀጭኑን ብርድ ልብስ ሳያለምደን በፊት የደጋውን ሰው ከውርጭ ያወጣ ወፍራም የበግ ጠጉር ልብስ ነው። ከመንዝና ከሰላ ድንጋይ እያመጣሁ ከአህያ ተራ በላይ፣ ከሸክላ ተራ አጠገብ ዘርግቼ እሸጣለሁ። ዛሬ ቦታው አስፋልት ነው፤ የሞባይል ሽፋን ይሸጥበታል።

ቦታው ርካሽ የሆነው በሸክላ ሠሪዎቹ ምክንያት ነው። ድንቄና ባሏ፣ ማረሻና ማጭድ የሚቀጠቅጠው አያ ደምሴ፣ በኛ አገር አነጋገር ጠይብ ናቸው። ጠይብ ማለት እጁ የሚፈለግ፣ ዓይኑ የሚፈራ ሰው ነው። ከነሱ ጋር አይጋቡም፣ ከእጃቸው አይበሉም፤ ሕፃን ላይ ካተኮሩ እናቱ ትሸፍነዋለች። ከተማው ሁሉ በድንቄ ድስት ይበላል፤ ድንቄ ግን ከድስቱ ብትጨልፍ ወጡ ይደፋል። እኔስ ብትሉኝ፣ ዘጠኝ ዓመት ጎን ለጎን ስንሸጥ ከእጇ ውሃ ጠጥቼ አላውቅም። ቅዳሜ በቅዳሜ፣ ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ፣ አውቃ ቅሉን ትዘረጋልኛለች። «አሁን ጠጣሁ» እላለሁ። «አንተ ሰውዬ ግመል ነህ» ትለኛለች፤ ቅሉን ወደ ራሷ ትመልሳለች። ክፉ ሰው ስለነበርኩ አይደለም። ሁሉም እንደዚያ ነበር፤ ሁሉም እንደዚያ የሆነበት ነገር ክፋት መሆኑ የሚታወቀው ቆይቶ ነው።

አያ ደምሴ አንድ መስከረም ላይ ማሳል ጀመረ። ዕድሜ ልኩን በወናፍ ያነደደው ከሰል ሳንባው ውስጥ ገብቶ ተቀምጧል። ለገና በዓል ስንደርስ መዶሻ ማንሣት አቃተው። ድንቄ አንድ ቅዳሜ፣ ጋኖቿን በገለባ እያሰረች፣ ቀና ሳትል ነገረችኝ።

«ሞቱን አይደለም የምፈራው፤ ሞትማ ደርሶበታል። ጡሩምባ ሳይነፋለት፣ ሰው ሳይሰማ፣ በጓሮ እንዳይወጣብኝ ነው።»

ምን ማለቷ እንደሆነ ለዛሬ አንባቢ ማስረዳት አለብኝ። ዛሬ የእድራችን መርዶ የሚመጣው በስልክ ነው፤ ከሟቹ ስም በታች ልጆች የአበባና የሚያለቅስ ፊት ሥዕል ይልካሉ፤ ከዚያ ቀብር ይቀራሉ። ያኔ የላይ ሰፈር እድር የሚባል አንድ ትልቅ እድር ነበረን። ድንኳኑ የእድሩ፣ ቃሬዛው የእድሩ፣ መቃብር የሚቆፍረውም ሬሳ የሚሸከመውም የእድሩ ሰው ነው። ከሁሉ በላይ ጡሩምባው የእድሩ ነበር። ተክሌ የሚባል ቀጭን፣ አንገተ ረጅም ሰውዬ ማለዳ ከጉብታው ላይ ቆሞ ይነፋና «የእገሌ አባት አርፏልና ለቀብር ውጡ» ይላል። እሱ ካልነፋ አልሞትክም፤ ጠፋህ እንጂ። ቄሱም ክርስቲያን ከሆነ እቀብራለሁ ይላሉ እንጂ እሸከማለሁ አይሉም። ድንቄ እድሩ እንዲያስገባት የወፍጮ ቤት ባለቤት ወደሆኑት ወደ እድሩ ዳኛ፣ ወደ አቶ ክፍሌ ሄዳ ነበር። «እናስብበት» አሏት። በደብረ ብርሃን «እናስብበት» ማለት ሄደሽ ተቀመጪ ማለት ነው።

በሩ የተዘጋው በሷ ብቻ ላይ አልነበረም። ከኔ ፊት ለፊት በርበሬና ጥጥ የሚሸጠው ሰይድ የአሊዩ አምባ ሰው ነው፤ ከአንኮበር በታች ካለው የቆላ ገበያ ቅመሙን በአህያ እያወጣ እኛ ዘንድ ሱቅ የከፈተ፣ ነገሩን በቁልምጫ የሚጀምር ሰው። ከዓመት በፊት ሚስቱ ስትሞት ቃሬዛውን የያዙት አራት ሰዎች ብቻ ነበሩ። አራት ሰው ሬሳ ይዞ ዳገት ሲወጣ የሚቀይረው የለም፤ ሲደክመው ያስቀምጠዋል። ሰይድ ሚስቱን ሦስት ጊዜ መሬት ላይ አስቀምጧታል። ይህን የነገረኝ እሱ አይደለም፤ ከቦታዬ ሆኜ አይቻለሁ። ተነሥቼ አልያዝኩም፤ ገዢ ነበረብኝ። ሌላው ማርቆስ ነው፤ ከወላይታ መጥቶ ብርድ ልብስ ፋብሪካው ውስጥ የሚሠራ፣ ሰማያዊ ቱታውን ከነክሩ ለብሶ ሻይ የሚጠጣ ወጣት። የነሱ ሰው ሲሞት አከራይቱ ለቅሶ ከግቢዬ ውጪ ስላለች ሬሳውን በጭነት መኪና አሳፍረው አገሩ ልከውታል፤ ያለቀሱለት ሾፌሩና ረዳቱ ናቸው።

እነዚህ ሦስቱ ተራ በተራ አቶ ክፍሌ ዘንድ ሄደዋል። ሰይድን «የናንተ ሥርዓት ይለያል» አሉት። ማርቆስን «እናንተ መንገደኞች ናችሁ፣ ነገ ትሄዳላችሁ» አሉት። ለሦስት ሰው ሦስት ዓይነት መልስ ሰጥቶ አንድ በር መዝጋት ችሎታ ይጠይቃል፤ አቶ ክፍሌ ነጋዴ ቢሆኑ ኖሮ አልቄ ነበር። ሦስቱም ቅዳሜ ቅዳሜ ንዴታቸውን ይዘው ባናዬ ላይ መጥተው ይቀመጣሉ፤ ገዢ ሸሸኝ። ወደ ነገሩ የገባሁት በደግነት መስሏችሁ ከሆነ አመሰግናለሁ፤ የገባሁት ባናዬን ለማስለቀቅ ነው። «አንድ ሰውዬ ነው ሦስታችሁንም የመለሰው፤ ለምን አንድ ላይ ሆናችሁ የራሳችሁን እድር አታቆሙም?» አልኳቸው።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይላሉ። ዕድሜዬን በክር ነግጄ አንበሳ ያሰረ ድር አላየሁም፤ የተወሳሰበ ድር ግን ብዙ አይቻለሁ። አብሮ መናቅ እርስ በርስ አያፋቅርም። ማርቆስ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ «ጋሼ፣ እኛም አገር ሸክላ ሠሪ አለ፤ እኛም አንበላም» አለኝ። ሰይድም በቁልምጫው «የኔ ጌታ፣ እኔ ግዴለኝም፤ ወንድሞቼ ግን…» ይላል፤ ወንድሞቹ አሊዩ አምባ ናቸው፤ ከዚያ ድረስ ምን እንደሚያዩ አላውቅም። ድንቄ ሁለቱንም ሰማቻቸው። «የቸገረው እርጉዝ ያገባል ተብሏል፤ እኔም እናንተን አግብቻለሁ» አለች።

እድር ሲቆም አንድ ላይ ተበልቶ ነው። ምን ይበላ የሚለው ሦስት ቅዳሜ ፈጀ። በግ ይታረድ ቢባል፣ ሰይድ የባረከውን እኛ አንበላም፣ እኛ የባረክነውን ሰይድ አይበላም። ሁለት በግ ይታረድ ቢባል፣ ሁለት ድስት፣ ሁለት ማዕድ፤ ታዲያ ምኑን አንድ ሆንን? በዚያ ላይ ጾም ገብቷል። አራተኛው ቅዳሜ ላይ እኔ ብልጡ አንድ ነገር ታየኝ። ንፍሮ! የተቀቀለ እህል ሥጋ የለው፣ ቅቤ የለው፣ ቢላ አይነካው። እኔ ስንዴ አመጣለሁ፣ ሰይድ የቆላ ሽምብራ፣ ማርቆስና ጓደኞቹ በቆሎ። ሁሉም ተደነቀ። ድንቄ «እኔስ?» አለች። «አንቺ ድስቱን አምጪ፤ ይበቃል» አልኳት። እህሏ ከገባ ሰው አይበላም ብዬ ነው፤ ምክንያቱን አልተናገርኩም፤ እሷም አልጠየቀችኝም። ንፍሮውን ባለቤቴ እቤታችን እንድትቀቅለው አደረግሁ። ራሴን በጣም አደነቅሁ። የረሳሁት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ በኛ አገር ንፍሮ በትልቅ ድስት ተቀቅሎ ለተሰበሰበ ሰው ሲታደል ሰው ሞቷል ማለት ነው።

ስብሰባው የተደረገው እሑድ በድንቄ ግቢ ነው፤ በዙሪያዋ ቤት የሚሠራ ስላልነበረ ሰፊው ግቢ የሷ ነው። ማርቆስ ከአንድ ሾፌር የመኪና ሸራ ለምኖ በአራት እንጨት ወጠረው። ሠላሳ የምንሆን ሰዎች ከሸራው ሥር መሬት ላይ ተቀመጥን፤ ብርድ ስለነበረ ሁላችንም ተከናንበናል። ንፍሮው መሐል ላይ ቀረበ። ልክ ያን ጊዜ ቤተ ክርስቲያን ተፈታ። ከቅዳሴ የሚመለሱ ሴቶች ከአጥሩ ውጪ ቆመው አዩ፦ ድንኳን፣ የተከናነበ ሰው፣ ንፍሮ፤ ቤት ውስጥ ደግሞ ሕመሙን ከተማው ሁሉ የሚያውቀው ሰው። አንዲቱ ነጠላዋን አዘቀዘቀችና «ወይኔ አያ ደምሴ!» ብላ ለቀቀችው።

ለቅሶ ሰምቶ ማለፍ በኛ ዘንድ የለም። የማን ቤት ነው ተብሎ የሚታሰበው እግር ከገባ በኋላ ነው። ተንጋግተው ገቡ፤ ጡሩምባ ነፊው ተክሌም ከኋላቸው። የአቶ ክፍሌ ሚስት ደረቷን እየመታች ገባች፤ አቶ ክፍሌም ከቅዳሴ ወጥተው፣ በሰው ፊት ለቅሶ ሊያልፉ አይችሉምና፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው ገብተው ተቀመጡ። እኔ አፌን ልከፍት ስል ሌላ ሙሾ ይጀመራል። ሰው ለቅሶ ቤት ከተቀመጠ ደግሞ እጁ ወደ ንፍሮው ይሄዳል፤ ርቦት አይደለም፣ ዝም ብሎ ይዘግናል። የባለቤቴ ድስት ሲጎድል ድንቄ ከጓዳዋ ሌላ ድስት ይዛ ስትወጣ አየኋት። የራሷን ንፍሮ በጎደለው ላይ ገለበጠችው። ማማሰያ አልፈለገችም፤ እጅጌዋን ሰብስባ በእጇ አማሰለችው። ከዚያም ቀና ብላ አየችኝ። እኔም ዘግኜ በላሁ። ጨው ያንሰው ነበር።

ሰውዬው በሕይወት መኖሩን ለለቀስተኛው መንገር ነበረብኝ፤ አስቀድሜ ለራሱ ልንገረው ብዬ ወደ ጓዳ ገባሁ። አያ ደምሴ መደቡ ላይ፣ እኔ በሸጥኩለት ባና ተጠቅልሎ፣ ጆሮውን ወደ ግድግዳው አስጠግቶ ተኝቷል።

«አሁን የምታለቅሰዋ ማናት?» አለኝ።

«የአቶ ክፍሌ ሚስት።»

«ማጭዷን በሰዓቱ አድርሼላት አላውቅም እኮ» አለ ተገርሞ።

ይቅርታ አያ ደምሴ፣ ስህተት ነው፣ ወጥቼ ልንገራቸው አልኩት። ክንዴን ያዘኝ። ያ እጅ መዶሻ ለማንሣት አቅም ያጣ እጅ ነው፤ እኔን ለመያዝ ግን አላነሰውም።

«ተቀመጥ። ትንሽ ያልቅሱ።»

ተቀመጥኩ። እያንዳንዱን በድምፁ ለየው፦ ይቺ ጠላ ሻጯ፣ ያ ጉልት ላይ ያለው፣ ይሄ ደግሞ ሰይድ ነው፣ አያለቅስም፣ ይጸልያል። የገዛ ለቅሶውን እንደ ገበያ ወሬ አዳመጠ። በመጨረሻ ሳሉ ቀደመው። ለረጅም ጊዜ ይዞት ኖሮ ሲፈነዳ ግድግዳው ተንቀጠቀጠ። ውጪ ሙሾው ከመሐል ተቆረጠ።

ስወጣ ሁሉም ንፍሮ በእጁ እንደያዘ ወደ ጓዳው በር ያያል። አቶ ክፍሌ ተነሡ።

«ይህ ምን ማለት ነው?»

ድንቄ በሩ ላይ ቆማለች። «እንኳን ደህና መጣችሁ ማለት ነው» አለች። ቀጥላም፣ ድምፅዋን ሳትጨምር፣ «ንፍሮው ግማሹ የኔ ነው። የቱ የማን እንደሆነ እኔም አላውቀውም።»

አንዳንዱ እጁን አራገፈ፤ ሆዱን ግን ማራገፍ አልቻለም። ሰይድ ብቻ እጁን ዘርግቶ ደግሞ ዘገነ፤ ቢስሚላህ ብሎ አፉ ውስጥ ከተተ። ማርቆስ አየው፤ እሱም ዘገነ። እነሱ እድር የገቡት ያን ጊዜ ነው፤ ሌላው ወሬ ነው።

በማግስቱ ከተማው በነገሩ ተናወጠ። ጠበል የሄደ አለ፤ ሆዴን ቆረጠኝ ያለ አለ፤ አማቴ እኔ ቤት እህል መቅመስ ተወች። ሰዉ ሁሉ አንድ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት ጠበቀ። ማንም አልሞተም። ይህም ትንሽ ቅሬታ ፈጠረ፤ ከአባት ከአያት የተወረሰ ፍርሃት እንዲህ ባዶ ሆኖ ሲገኝ ሰው ይከፋዋል። ባለቤቴም ለሦስት ቀን ካኮረፈችኝ በኋላ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ የማን ንፍሮ ይጣፍጥ ነበር?

አዲሱ እድራችን ግን ድንኳንም ቃሬዛም ጡሩምባም የለውም፤ አያ ደምሴ ደግሞ የሚጠብቅበት ጊዜ የለውም። ያኔ የላይ ሰፈርን እድር መተዳደሪያ ደንብ አውጥቼ አነበብኩ። አባል ከሆንኩ ዓመታት አልፈዋል፤ ደንቡን ያነበብኩት ያን ቀን ነው። «የአባል እናት፣ አባት፣ ልጅ፣ ወንድም ወይም እህት ሲያርፍ እድሩ እንደ አባል ይቀብራል» ይላል። ወንድም የሚለው ላይ ጣቴን አድርጌ ለሰይድ፣ ለማርቆስና ለድንቄ አሳየኋቸው። እኔ የሠራሁት ሥራ እዚህ ላይ ያበቃል፤ ሰዉን የሰበሰቡት እነሱ ናቸው። ሰይድ የበርበሬ ደንበኞቹ ወደሆኑት አባሎች ቤት ለቤት ሄደ፤ ሚስቱን ሦስት ጊዜ መሬት ላይ ስለማስቀመጡ ለያንዳንዱ ነገረው። ለኔ ግን አልነገረኝም፤ ማየቴን ያውቅ ነበር። ማርቆስ አከራዮቹን ያዘ፤ ለቅሶ ከግቢዬ ውጪ ያለችውን ጭምር። ድንቄ ጠላ ጠማቂዎቹ ዘንድ ሄደች፤ ምን እንዳለቻቸው እስከ ዛሬ አላውቅም፤ የሠርግ ወር እየመጣ ስለነበረ ምናልባት ስለ ጋን ተነጋግረው ይሆናል።

በወሩ ስብሰባ ተነሥቼ ወንድም ላስመዘግብ ነው አልኩ። አቶ ክፍሌ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ወንድምህን እናውቀዋለን። ሰላ ድንጋይ ያለው አበራ ነው፤ ሌላ የለህም።»

«ደምሴም ወንድሜ ነው» አልኩ።

«ከማን የተወለደ?»

«ደንቡ ወንድም ይላል እንጂ ከማን የተወለደ አይልም። አብረን በልተናል፤ እርስዎም ነበሩ።»

«እኔ አልበላሁም» አሉ አቶ ክፍሌ።

ጡሩምባ ነፊው ተክሌ አባል ስላልሆነ በሩ ላይ ነው የሚቆመው። ከዚያው ሆኖ፣ እንደ ምስክር ሳይሆን እንደሚያስብ ሰው፣ «ሁለት ጊዜ ዘግነዋል» አለ። ቤቱ በሳቅ ተሞላ። ሳቁ ሳይበርድ የማርቆስ አከራይ ተነሥታ ማርቆስን ወንድሜ ብላ አስመዘገበች። አንድ ሽማግሌ ሰይድን አስመዘገቡ። እኔ ስቆጥር አሥራ አንድ ሰው ቆሟል፤ ሁሉም በእናቱ ያልተወለደ ወንድም ይዟል። አቶ ክፍሌም ቆጠሩ። ሞኝ ሰው አልነበሩም፤ አሥራ አንድ ሰው ከእድር አውጥቶ ድንኳን የሚተክል እንደማይተርፋቸው ገባቸው። «ይመዝገብ» አሉ። ከዚያም «እናስብበት» ሊሉ ፈልገው እንደነበር ከፊታቸው ይታይ ነበር።

አያ ደምሴ ሐምሌ ላይ ሞተ። የደብረ ብርሃን ሐምሌ ምን እንደሆነ ለሚያውቅ ሌላ ቃል አልጨምርም። ጎህ ሲቀድ ተክሌ ጉብታው ላይ ወጥቶ በዝናብ ውስጥ ነፋ፤ «የአቶ መኩሪያ ወንድም አርፏልና ለቀብር ውጡ!» ሲል መኩሪያ የተባልኩት እኔ ጫማዬን እያሰርኩ ነበር። ስሜ በጡሩምባ ሲጠራ የመጀመሪያዬ ነው። ጥሩ ስሜት አይደለም። ጭቃው ውስጥ መቃብሩን የቆፈሩት የፋብሪካው ልጆች ናቸው፤ ቃሬዛውን ሰይድና የአሊዩ አምባ ሰዎች እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር ድረስ፣ ከዚያ ወዲያ የላይ ሰፈር ሰዎች ያዙት። ዳገቱ ላይ እየተቀያየሩ ያዙ፤ አንድም ጊዜ መሬት አልነካም። ሰይድ ይህን ዓይኑን ሳይነቅል ሲያይ ነበር። አቶ ክፍሌም መጡ። ለኔ «እግዚአብሔር ያጥናህ» አሉኝ፤ ደንቡ ነው። ትንሽ ቆመው ወደ ድንቄ ዞሩና «ያጥናሽ» አሏት። ንፍሮ አልቀመሱም። ሁሉም ነገር በአንድ ቀን አይሆንም፤ አንዳንዱ በአንድ ዕድሜም አይሆንም፤ ልጃቸው ግን ዛሬ የሸክላ ሠሪ ልጅ አግብቶ ሦስት ልጅ ወልዷል፤ ሠርጉን እሳቸው አላዩትም።

ወንድም ብያለሁና ከድንቄ ጎን ፍራሽ ላይ ተቀመጥኩ። ሁለተኛው ቀን ላይ፣ ዝናቡ ጋብ ሲል፣ ድንኳኑ በር ላይ ጭንቅላቱ ላይ ማዳበሪያ የደፋ፣ እስከ ጉልበቱ ጭቃ የሆነ ሰው ቆመ። አበራ ነው። የሰላ ድንጋይ አውቶብስ ላይ «የመኩሪያ ወንድም ሞቶ መኩሪያ ለቅሶ ተቀምጧል» ሲባል ሰምቷል። እኔ ያለኝ አንድ ወንድም እሱ ነው። ግማሹን መንገድ በመኪና፣ ግማሹን በእግሩ መጥቷል፤ ሚስቱ እቤት ሆና እያለቀሰች ነው፤ በምን ምክንያት እንደምታለቅስ እንኳ በደንብ አልገባትም።

«ማነው የሞተው?» አለ።

«ወንድማችን» አልኩት።

አበራ የገጠር ሰው ነው፤ ጠይብ በሩ ላይ ቢቆም ልጆቹን ወደ ጓዳ የሚያስገባ ሰው ነው። ድንቄን አየ፤ የተሰነጣጠቀ እጇን አየ። ሰይድን አየ፤ ቱታ የለበሱትን ልጆች አየ። ከዚያ እኔን አየኝ፤ በልጅነታችን የሰው ማሳ ውስጥ ከብት አስገብቼ በሱ ሳሳብብ የሚያየኝ አስተያየት ነው። ማዳበሪያውን አወለቀ። ጋቢውን አዘቀዘቀ። መጥቶ በሌላው ጎኔ ተቀመጠ። ድንቄ ተነሥታ ንፍሮ በእጇ አፍሳ ዘረጋችለት፤ ሁለት እጁን አቅርቦ ተቀበላት፣ አንድ አንድ ፍሬ እያለ ጨርሶ በላው።

ለቀስተኛው ሳሳ ሲል ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ።

«የኔ ጊዜ ሲደርስ» አለኝ፣ «በስሜ አስጠራኝ። ወንድምህ በዝቷል።»